የሞቱበትን ቀን እናውቃለን፤ የኖሩበትንስ?



እንደሚታወቀው ሁሉ አምቦና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ባለፉት ዓመታት ብዙ ልጆቻቸውን በድንገት ቀብረዋል። ሚያዝያ 22 ቀን 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው ከወጡት ወገኖቻችን መካከል እዚሁ አምቦ በጥይት ወድቀው የቀሩ አሉ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ከከተማ ከተማ ሲዛመት ለቅሶውም አብሮ ተዛመተ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. አምቦ እንደገና ሰው ቀበረች። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገድሎ፣ ሰኔ 25 ቀን በተወለደባት አምቦ ተቀበረ።

እነዚህን ቀኖች ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቃቸዋለን። ለመሆኑ የሞቱበትን ቀን ይህን ያህል ካወቅን፣ የኖሩበትን ቀን ማን ያስታውሰዋል?

በ2006 ዓ.ም. ስለሞቱት ሰዎች መንግሥት የተናገረውና ነዋሪው የቆጠረው ቁጥር አልተገጣጠመም። እውነተኛው ቁጥር መታወቅ አለበት፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ነገር ግን ቁጥሩ ቢታወቅም ሰውየውን አይነግረንም። ሃጫሉንም ቢሆን አገር የሚያውቀው በዘፈኑና በአሟሟቱ ነው። ልጅ ሳለ ከብት ይጠብቅ እንደነበር፣ በትምህርት ቤት ክበብ ውስጥ ይዘፍን እንደነበር አብሮት ያደገ ሰው ነው አጣፍጦ የሚያወራው። ስማቸው በሬዲዮ ላልተጠራው ለሌሎቹማ ከጎረቤት በቀር ማን አላቸው?

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አካባቢ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የ35 አገር ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች አልቀዋል። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የቦይንግ ኩባንያ ኃላፊ በአሜሪካ ሴኔት ቀርበው ሲጠየቁ፣ በዚህና ቀደም ብሎ በኢንዶኔዢያ በደረሰው አደጋ የሞቱት ሰዎች ቤተሰቦች ከኋላ ሆነው የሟቾቻቸውን ፎቶግራፍ ከፍ አድርገው ያዙ። ቁጥሩንማ ሁሉም ሰምቶታል። እነሱ የፈለጉት ሰዎቹ እንዲታዩ ነው።

የእኛስ የዕድር መዝገብ ምን ይላል? የሟች ስም፣ የቀብር ቀን፣ የተከፈለ ገንዘብ፤ አለቀ። ስለዚህ አንድ ደብተር ይጨመር እላለሁ። ፈቃደኛ የሆነ ቤተሰብ ስለ ሟቹ ሁለት ሦስት መስመር ያስጽፍ፤ ሥራው ምን ነበር፣ ምን ያስቀው ነበር፣ በቤት ስሙ ማን ይባል ነበር። ወጪው የአንድ ደብተርና የአንድ እስክሪብቶ ዋጋ ነው።

አንዳንድ ሰው «ቁስል መነካካት ነው» ይል ይሆናል። በበኩሌ አይመስለኝም። ድንኳኑ እስኪነቀል ድረስ ቤቱ በሰው ይሞላል። ከአርባው በኋላ ግን በዚያ ደጃፍ ስናልፍ የልጁን ስም ማንሣት እንፈራለን። እናት የልጇ ስም ሲነሣ ታለቅስ ይሆናል፤ ጭራሽ ሳይነሣ ሲቀር ግን ብቻዋን ነው የምታለቅሰው።

ሌላው ደግሞ «ያ ሁሉ ሰው አልቆ እኛ ምን ጨዋታ አለን?» ይላል። ኧረ እነዚያ ሰዎች ያን ቀን ከቤት ሲወጡ ማታ ሊመለሱ ያሰቡት እኮ ወደዚሁ ጨዋታ ነበር! ወደ እናታቸው ቡና፣ ወደ ልጆቻቸው ጫጫታ፣ ከባልንጀራ ጋር በሁሉቃ ዳር ወክ ወደማለት። እነሱ የተነፈጉትን እኛ እጃችን ላይ እያለ ብናቃልለው ሟቾቹን አከበርን አይባልም።

ደግሞም እናቃልለዋለን። ቡና ተፈልቶ በረካው ሳይደርስ ስልካችንን እያየን እንነሣለን። በአጥር ወሰን ተኳርፈው ዓመት ሙሉ ሰላም ያልተባባሉ ጎረቤታሞች አሉ። ከሁለቱ አንዱ የሞተ ዕለት ግን ሌላው ድንኳን ለመትከል ማንም አይቀድመውም። ያ ጉልበት ምነው ሰውየው በሕይወት ሳለ ለአንድ ስኒ ቡና ቢውል? «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የተባለው እኮ ለቀብር ብቻ አይደለም።

እንግዲህ የደብተሩ አሳብ በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ቀርቦ እንድንወያይበት አመለክታለሁ። ቡናው ግን ስብሰባም ውሳኔም አያስፈልገውም። ልጅ የሞተባት እናት በሠፈራችን አለች፤ ቤቷንም እናውቀዋለን። በዚህ እሑድ ቆሎ ይዘን እንሂድ፤ ስለ ልጇም እንጠይቃት።

ከመረዳጃ ማኅበሩ አባላት አንዱ