የመጀመሪያውን ጎል ፍቅሩ ያገባለት ክለብ

ሰሞኑን እዚሁ ገጼ ላይ «ክለቦቻችንን ለባለሀብት ሰጥተን እንገላገል» የሚል ክርክር ተነስቶ ነበር። ከቀድሞ ተማሪዎቼ ሁለቱ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጨቃጨቁ አነበብኩ። (ልጆች፣ ክፍል ውስጥ እንዲህ ብትናገሩ ኖሮ እኔም ጉሮሮዬ ባልደረቀ።) አንደኛው ሕንድን ምሳሌ አድርጎ አመጣ። «ሕንዶች ባለሀብት አስገቡ፣ ሊጋቸው ተነሳ፣ አለቀ» ነው ያለው። በኮሜንት ልመልስለት ጀምሬ ረዘመብኝና ወደዚህ አመጣሁት። ሻይ ያዙ።

የማወራችሁ ስለ አንድ ክለብ ነው። አትሌቲኮ ዴ ኮልካታ ይባላል፤ ይባል ነበር ብል ይሻላል። በ2014 ተወለደ፣ በ2020 ፈረሰ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በእነዚህ ስድስት ዓመታት ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። የፈረሰው ደግሞ ሦስተኛውን ዋንጫ ባነሳ ሦስት ወር ሳይሞላው ነው።

ለኛ ለሐበሾች ይሄ ክለብ ባዕድ አይደለም። ኦክቶበር 12 ቀን 2014 የሕንድ ሱፐር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት፣ በኮልካታው ሶልት ሌክ ስታዲየም የተገናኙት አትሌቲኮ ዴ ኮልካታና ሙምባይ ሲቲ ነበሩ። በ27ኛው ደቂቃ የኮልካታው አጥቂ አገባ። የጨዋታው ብቻ ሳይሆን የሊጉም የመጀመሪያ ጎል ናት። አግቢው የኛው ፍቅሩ ተፈራ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ኦርላንዶ ፓይሬትስና ሱፐርስፖርት ዩናይትድ ሲጫወት የምናውቀው ፍቅሩ። ጨዋታው 3 ለ 0 አለቀ። ከቢሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ሀገር የሊጓን ታሪክ ስትከፍት የመጀመሪያው መስመር ላይ የምታገኘው የኢትዮጵያዊ ስም ነው። እኛ ራሳችን ይህን ስንት ጊዜ አውርተነዋል? እሱን ተዉት፣ የሌላ ቀን ጨዋታ ነው።

ክለቡ እንዴት ተሠራ? እኛ የምናውቀው ክለብ ሲወለድ ልጆች ሰፈር ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ማሊያ በመዋጮ ይገዛሉ፣ ከታች ጀምረው ይወጣሉ። እዚያ ግን ሊጉን ያቋቋሙት ኩባንያዎች ከተሞችን ለጨረታ አቀረቡ፣ ባለሀብቶች ተወዳደሩ፣ ስምንት ቡድን ባንዴ ተፈጠረ። ያኔ ከታች የሚያድግ አልነበረም፣ ወደ ታች የሚወርድም አልነበረም። የኮልካታን ቡድን ከወሰዱት መሀል ነጋዴው ሳንጂቭ ጎኤንካ፣ የክሪኬቱ ጀግና ሶራቭ ጋንጉሊና የስፔኑ አትሌቲኮ ማድሪድ ይገኙበታል። ስሙም ሆነ ቀይና ነጭ ሽንትር ያለው ማሊያው ከማድሪድ የተቀዳ ነው። የመጀመሪያው ውድድር ራሱ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነበር፤ ሁለት ወር ከምናምን። ብዙዎቹ የሀገር ውስጥ ተጫዋቾች ከነባር ክለቦች በውሰት የመጡ ናቸው።

ኮልካታ ክለብ የሌላት ከተማ ብትሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ችግር አልነበረውም። ግን ኮልካታ ናት!

ሞሁን ባጋን የተመሠረተው በ1889 ነው። ከአድዋ ድል ሰባት ዓመት በፊት ማለት ነው። ጁላይ 29 ቀን 1911 የእንግሊዝ ጦር ቡድን የሆነውን ኢስት ዮርክሻየር ሬጅመንትን 2 ለ 1 አሸንፎ የአይኤፍኤ ሺልድን ዋንጫ ወሰደ። ከሞሁን ባጋን አሥራ አንድ ተጫዋቾች ጫማ ያደረገው አንድ ብቻ ነበር። አሥሩ በባዶ እግራቸው። ቅኝ ገዢውን ራሱ ባመጣው ጨዋታ፣ በባዶ እግር! የባዶ እግርን ነገር ለአበበ ቢቂላ ሀገር ሰው ማብራራት አይጠበቅብኝም። ቀኑ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይከበራል። ታሪክ ሳስተምር የቅኝ ግዛት ትግል በጠመንጃ ብቻ እንዳልነበር ለማሳየት ይህችን ጨዋታ ነበር የማነሳው፤ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

ኢስት ቤንጋል ደግሞ በ1920 መጣ። ስሙ እንደሚለው የምሥራቅ ቤንጋል፣ የዛሬዋ ባንግላዴሽ፣ ሰው ክለብ ነው። በ1947 ሀገር ሲከፈል ቤቱን ጥሎ ኮልካታ የገባው ሕዝብ መጽናኛ ሆነ። ሁለቱ ሲገናኙ ጉዳዩ ምግብ ድረስ ይሄዳል። የኢስት ቤንጋል ሰው ሲያሸንፍ ሂልሳ የሚባለውን ዓሣ ይሠራል፣ የሞሁን ባጋን ሰው ሲያሸንፍ ሽሪምፕ። የዓሣ ነጋዴው የጨዋታውን ውጤት እንደ ተጫዋቹ በጉጉት ይጠብቃል አሉ። ጁላይ 13 ቀን 1997 ለፌዴሬሽን ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ሲገናኙ ሶልት ሌክ ከ131 ሺህ በላይ ሰው ገብቶበታል። ኢስት ቤንጋል 4 ለ 1 አሸነፈ፤ ባይቹንግ ቡቲያ ሦስት አገባ።

እንግዲህ እዚህ ሁሉ መሀል ነው የማድሪድን ማሊያ የለበሰ አዲስ ቡድን «እኔ ኮልካታ ነኝ» ብሎ የመጣው።

ሕዝቡ ፊቱን አዞረበት ብል እዋሻለሁ። በመክፈቻው ቀን ከ60 ሺህ የማያንስ ሰው ነበር። ጋንጉሊ ያለበት ነገር ኮልካታ ውስጥ ባዶ አይቀርም። በዚያ ላይ አሸናፊ ቡድን ነበር። ዲሴምበር 20 ቀን 2014 ፍፃሜውን ከኬረላ ብላስተርስ ጋር ተጫወተ። ኬረላ የሳቺን ቴንዱልካር፣ ኮልካታ የጋንጉሊ፤ የክሪኬት ንጉሦች በኳስ ሲፎካከሩ ማለት ነው። 0 ለ 0 እያለ መደበኛው ሰዓት አለቀ፣ ጭማሪው ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ ሞሐመድ ራፊቅ በጭንቅላቱ አገባት። ራፊቅ የምዕራብ ቤንጋል ልጅ ነው፤ ያውም ከኢስት ቤንጋል በውሰት የመጣ። አዲሱ ክለብ የመጀመሪያ ዋንጫውን የበላው ከጎረቤት በተበደረው ማንኪያ ነው ማለት ይቻላል።

በ2015 ፍቅሩ ወደ ቼናይን ሄደ። ቼናይን ያን ዓመት ኮልካታን በግማሽ ፍፃሜ ጥሎ፣ በፍፃሜው ጎዋን 3 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በ2016 ኮልካታና ኬረላ እንደገና ለፍፃሜ ደረሱ፣ ኬረላ ሜዳ ላይ። 1 ለ 1 አለቀ፣ በመለያ ምት ኮልካታ 4 ለ 3። ያን ዓመት ሶልት ሌክ ለ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ እየታደሰ ስለነበር ቡድኑ ራቢንድራ ሳሮባር በምትባል ትንሽ ስታዲየም ነው የተጫወተው። በ2017 አትሌቲኮ ማድሪድ ወጣ። «አትሌቲኮ» የሚለው ስም አብሮ ሄደ፣ «ኤቲኬ» የሚሉ ሦስት ፊደላት ብቻ ቀሩ። ቴዲ ሸሪንግሃምን አሰልጣኝ፣ ሮቢ ኪንን አጥቂ አድርገው አመጡ፤ ሸሪንግሃም ዓመቱን ሳይጨርስ ተባረረ፣ ቡድኑ ከአሥር ዘጠነኛ ወጣ። ዝርዝሩ ይቅርባችሁ።

ወደ 2020 ልውሰዳችሁ።

ከዚያ ዓመት በፊት ሁለት ሊግ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር፤ እነ ሞሁን ባጋን ያሉበት ነባሩ አይ-ሊግና አዲሱ ሱፐር ሊግ። በ2019 ሱፐር ሊጉ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ደረጃ ሊግ እንዲሆን ተወሰነ። ነባሩ ወደ ሁለተኛ ወረደ። ልብ በሉ፣ ሞሁን ባጋን በ2019-20 አይ-ሊግን አሸንፏል፤ ግን ወደ ላይ የሚያስገባ በር አልነበረም። በሩ ገንዘብ ነው። ጃንዋሪ 16 ቀን 2020 የጎኤንካ ኩባንያ፣ አርፒኤስጂ ግሩፕ፣ የሞሁን ባጋንን የእግር ኳስ ኩባንያ 80 በመቶ ድርሻ እንደሚይዝ ተነገረ። ነባሩ ክለብ 20 በመቶ ቀረው። ኤቲኬ ከሞሁን ባጋን ጋር ይዋሃዳል ተባለ።

ዜናው ሲወጣ ኤቲኬ ገና ውድድር ላይ ነበር። የሚፈርስ ክለብ ደጋፊ ሆናችሁ ጨዋታ ስታዩ አስቡት! ደግሞ ቡድኑ ጥሩ ነበር። ሐባስ፣ የ2014ቱ ስፔናዊ አሰልጣኝ፣ ተመልሷል። ከፊጂ የመጣው ሮይ ክሪሽና 15 ጎል አግብቷል። ማርች 14 ቀን 2020 ጎዋ ውስጥ በፍፃሜው ቼናይንን 3 ለ 1 አሸነፉ። ኮሮና ገብቶ ስለነበር ስታዲየሙ ዝግ ነው። አንድ ተመልካች እንኳ አልነበረም። የክለቡ የመጨረሻ ጨዋታ ያ ነው፤ ሦስተኛ ዋንጫውን ባዶ ወንበር ፊት አንስቶ ጠፋ። ጁን 1 ላይ ፈረሰ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? እዚህ ላይ አባባሉ በክፉ ሠራ። የተዋሃደው ክለብ ጁላይ ላይ «ኤቲኬ ሞሁን ባጋን» ተባለ። አረንጓዴና ማሩን ማሊያው ቀረ፣ ጀልባዋ ያለችበት ዓርማ ቀረ፣ ሦስቱ ፊደላት ግን ከ1889ኙ ስም ፊት ተለጠፉ። የሞሁን ባጋን ደጋፊ አበደ። «ኤቲኬን አንሱልን» የሚል ዘመቻ ተጀመረ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ማርች 18 ቀን 2023 ቡድኑ ቤንጋሉሩን በመለያ ምት አሸንፎ ዋንጫ ሲወስድ፣ ጎኤንካ ስሙ እንደሚቀየር እዚያው ተናገረ። ሁሉም ጨፈረ። አዲሱ ስም? «ሞሁን ባጋን ሱፐር ጃየንት»። ጎኤንካ የክሪኬት ቡድኖቹን ምን ብሎ እንደሚጠራ ታውቃላችሁ? ፑኔ ላይ ለሁለት ዓመት የነበረው «ሱፐርጃየንት»፣ አሁን ላክናው ያለው «ሱፐር ጃየንትስ»። አንዱን ምልክት አንስቶ ሌላውን ለጠፈ። እኔ ያንን ድል ሙሉ ድል ብዬ አልቆጥረውም። 80 በመቶው አሁንም እዚያው ነው።

ግን ይሄ ሁሉ የሚወራው በሞሁን ባጋን ደጋፊ በኩል ነው፤ ክርክሩን የሚያነሳ ሁሉ የሚያዝነው ለእሱ ነው። እውነት ነው፣ ተበድሏል። ሆኖም ክለቡ አለ፣ ማሊያው አለ፣ ጁላይ 29ን ያከብራል። ገንዘቡም ጠቅሞታል፤ በ2025 ሊጉንም ዋንጫውንም አንድ ላይ ወስዷል። ኢስት ቤንጋል በነዚያው ዓመታት ከአንዱ ባለገንዘብ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ሱፐር ሊጉ ላይ ከታች ሲንገላታ ነበር። ስለዚህ «ባለሀብት ክለብ ይገድላል» የምትሉኝም ቆዩ፣ አልተስማማሁም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ማንም ያልቆጠረው ሰው ነው። በ2014 አሥር ዓመት የሞላውን የኮልካታ ልጅ አስቡት። አባቱ ሞሁን ባጋን፣ አጎቱ ኢስት ቤንጋል። እሱ በቴሌቪዥን አንድ ኢትዮጵያዊ ጎል ሲያገባ አየ፣ ቀይና ነጭ ማሊያ አስገዛ። የመጀመሪያ ፍቅር ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ታሪኩ አጭር ነው ተብሎ አይተውም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ላይ «ክለብህ የለም፣ ከዛሬ ጀምሮ የአባትህን ደግፍ» ተባለ። አባቱ ዘንድ ሲሄድ ደግሞ የሱ ክለብ ስም ስድብ ሆኗል፣ «አንሱልን» ይሉታል። ባለቤቱ ምንም አላጣም፣ ትልቅ ክለብ አገኘ። ሐባስ አዲሱን ቡድን ያዘ። ሮይ ክሪሽና አዲሱን ማሊያ ለበሰ። ያጣው ልጁ ብቻ ነው። እነዚያ ሦስት ዋንጫዎችስ የማን ናቸው? የሞሁን ባጋን ሰው የኔ አይላቸውም። የኔ የሚል ልጅ ደግሞ ክለብ የለውም።

«ያ እኮ የፕላስቲክ ክለብ ነበር፣ ምን ደጋፊ አለው» የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ። ክለቡ የወረቀት ሊሆን ይችላል። የልጁ ልቅሶ ግን የወረቀት አይደለም። ሞሁን ባጋንም በ1889 አንድ ቀን አዲስ ነበር። ዕድሜ የሰጠው ማንም ሊዘጋው ስላልቻለ ነው፤ ለኤቲኬ የተነፈገው እሱ ነው። እሱም ብቻውን አይደለም። በ2019 የዴልሂው ክለብ ወደ ኦዲሻ ተዛወረ፣ የፑኔው ፈርሶ ቦታውን ሃይደራባድ ወሰደ። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚሉት ይሄን ነው፤ ግንዱ ደጋፊው ነው።

ስለዚህ ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። ባለሀብት ይግባ የምትሉ፣ ይግባ። እኔ የምጠይቀው ውሉ ላይ ያለችውን መስመር ነው። ስሙ፣ ቀለሙና ዓርማው የማን ነው? ከተማ ለመቀየር ወይም ለመዝጋት ሲፈልግ ማንን ያስፈቅዳል? ጀርመኖች አብዛኛው የድምፅ መብት ከክለቡ አባላት እንዳይወጣ የሚል ደንብ አላቸው፤ ሃምሳ በመቶና አንድ ድምፅ። ባለሀብት አልሸሻቸውም። የኮልካታው ልጅ ግን ስድስት ዓመት ሲደግፍ አንድም ቀን ድምፅ አልነበረውም። ሲዘጋም ማንም አልጠየቀውም።

በሉ ኮሜንት ላይ ጠብቃችኋለሁ፣ ስድብ አይፈቀድም። የፍቅሩን ያችን ጎል በዚያው ቀን በቀጥታ ያየ ካለም ይጻፍልኝ፤ እኔ ያየሁት በማግስቱ በስልክ ነው፣ ግማሹ እየቆመ።