ምሰሶውን አትበይዱት!

ባለፈው የለጠፍኩት ፎቶ ሥር የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። ላላያችሁት፦ የወዳጄ ትንሽ የሸራ ጀልባ፣ ቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ ያለችው፣ የአልሙኒየም ምሰሶዋ መሃሉ ላይ ተሰብሮ በሚኒባስ ጣሪያ ተጭኖ ጉለሌ መጥቷል። (እንጦጦ ሥር ጀልባ ምን ትሠራለች ብላችሁ ቀልዳችኋል። ሐይቅ የለንም፤ ብየዳ ቤት ግን ሞልቶናል።) አስተያየታችሁ ሲጨመቅ አንድ ነው፦ «ቲቸር፣ በአርጎን ይበየድና ይለቅ።» ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ የጠየቅናቸው ባለሙያዎችም ያንኑ አሉን። «ቡና ጠጡ፣ እስክትጨርሱ ይደርሳል» ያለንም አለ።

እኔ ደግሞ አይበየድም እላለሁ። መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ተሳደቡ።

የምሰሶ ቱቦ የድስት አልሙኒየም አይደለም። ንጹሕ አልሙኒየም ለስላሳ ነው። ምሰሶ የሚሠራው ማግኒዚየምና ሲሊከን ከገባበት ቅይጥ፣ ብዙ ጊዜ 6061 ከሚባለው ነው። ይህ ቅይጥ ጠንካራ የሚሆነው በሙቀት ሕክምና ነው፦ ወደ 530 ዲግሪ ይሞቃል፣ ባንዴ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ባለው ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ይቆያል። ያ ሁሉ ድካም ብየዳው በደረሰበት ቦታ በሰከንዶች ውስጥ ይፈርሳል። ከብየዳው መስመር ግራና ቀኝ ያለው ቱቦ ጥንካሬው ወደ ግማሽ ይወርዳል። እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ የሚያምር መስመር ይሠሩላችኋል፤ መስመሩ አይሰበርም፣ ጎኑ ይሰበራል።

ብረት ቢያንስ ሲግል ይቀላል፣ ያስጠነቅቃችኋል። አልሙኒየም ቀለሙን ሳይቀይር 660 ዲግሪ ላይ ቀልጦ ይፈሳል። የሞተው ክፍልም ከደህናው ጋር ሲታይ አንድ ነው።

«ፋብሪካም ይበይዳል እኮ!» ብሎኛል አንዱ የድሮ ተማሪዬ። አዎ። ፋብሪካ ግን ወይ መልሶ በምድጃ ያክመዋል፣ ወይ ከመጀመሪያው ድካሙን አስቦ ወፍራም ቱቦ ይመርጣል። ሙሉ ቱቦ የሚያስገባ ምድጃ ያለው ጉለሌ ውስጥ ካለ ይምጣ፣ ነገ ጠዋት እወስድለታለሁ። የተሰነጠቀ የሞተር ኮፓ ከሆነ ያው አርጎን ነው፣ በዚያ አልከራከርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የተሰበሩት ጫፎች ቀጥ ተደርገው ይቆረጣሉ፤ ውስጡ ልክክ ብሎ የሚገባ ሌላ ቱቦ ይከተታል፤ ሁለቱም ወገን በሪቬት ይታሰራል። ሪቬቶቹ በአንድ ቀለበት አይደረደሩም፣ ይዘበራረቃሉ፤ ምሰሶ መሰበር የሚወደው ቀዳዳ በተሰለፈበት ነው። የውስጠኛው ቱቦ ጫፍም በሰያፍ ይቆረጣል፣ ጥንካሬው አንድ ቦታ ላይ ድንገት እንዳያልቅ። ሪቬቱ ስቴንለስ ከሆነ ከአልሙኒየሙ ጋር ውሃ ሲያገኛቸው አልሙኒየሙ ስለሚበላ መሃሉ መለያ ቅባት ይደረጋል። ይህን እኔ አልፈለሰፍኩትም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የጀመረባቸው ሲ-47 አውሮፕላኖች አካላቸው በሪቬት የተያያዘ አልሙኒየም ነበር። ዛሬም የአልሙኒየም አውሮፕላን ቆዳው ሲጎዳ ተደራቢ ሰሌዳ ይደረግለትና በሪቬት ይታሰራል። ማንም አስቀያሚ ነው ብሎ ከመሳፈር አይቀርም።

የኔ ጠብ ከበያጁ ጋር አይደለም። ጠቤ «እንዳልተሰበረ አድርገህ ሥራልኝ» ከሚለው ደንበኛ ጋር ነው። ሪቬቱ ይታያል፣ ጠጋኝ ይመስላል፣ ስለዚህ ይጠላል። ብየዳው ግን በግራይንደር ይላጋል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ ቀለም ይረጫል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። በዚሁ መንገድ «የተጠገነ» የአልሙኒየም መሰላል በየሰፈራችን አለ። ቀለም ቀቢው ተከራይቶት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣበታል። የት ቦታ እንደተበየደ አያውቅም፤ እንዳያውቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። ጀልባዋም ላይ ከምሰሶው ሥር የሚቀመጡት የወዳጄ ልጆች ናቸው።

አያቶቻችን ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያሉ ሲሰድቡት ኖረው አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ዛሬ ስድቡ መልኩን ቀይሯል፦ «ዝም ብለህ በይደው!» ሐኪም «ይህ መድኃኒት አይሆንህም» ሲል እንሰማዋለን። በያጅ «ይህ አይበየድም» ካለ ግን አልቻለበትም ተብሎ ወደ ጎረቤቱ ይኬዳል። እሱም የቤት ኪራይ አለበት፣ ይበይዳል። ማሠልጠኛዎቻችንም ልጁን የሚፈትኑት በመስመሩ ማማር ነው። መቼ እምቢ እንደሚባል የሚጠይቅ ፈተና እስካሁን አላየሁም።

አሁን ወደ ሥራው። የምሰሶው የውስጥ ስፋት 56 ሚሊሜትር ነው። ወደዚያ የሚገባ፣ ግድግዳው 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ግማሽ ሜትር የአልሙኒየም ቱቦ እንፈልጋለን። የመስኮት ፕሮፋይል አታምጡብኝ፣ ለስላሳ ነው። ቅዳሜ ምናለሽ ተራ እወርዳለሁ፤ አብሮኝ የሚዞር ወይም ያየ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።