ማጣጣሚያና ማጣጣም

ከምግብ በኋላ ለሚቀርብ ጣፋጭ አማርኛችን «ማጣጣሚያ» የሚል ስም ሰጥቶታል። ቃሉን በምግብ ቤት የዋጋ ዝርዝር ላይ ስናነበው ብዙ አናስብበትም፤ ነገር ግን ሁለት ፊት ያለው ቃል ነው። በአንዱ ፊቱ፣ የቀመሱትን ቶሎ ሳይውጡ ምላስ ላይ ማቆየት፣ ጣዕሙን ረጋ ብሎ ማዳመጥ ነው። በሌላው ፊቱ ያልተስማሙትን ማስማማት ነው፤ ሕግን ከልማድ፣ ገቢን ከወጪ፣ ሐሳብን ከሐሳብ «እናጣጥማለን»። የሁለቱ ትርጉሞች መገናኘት የቋንቋ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ለቤተሰብ ሽርሽርና ለወዳጅ ዘመድ ስብስብ ስለሚዘጋጅ ጣፋጭ መባል ያለበት ነገር ሁሉ በዚህች ቃል ውስጥ ተቋጥሮ አገኘዋለሁ። በጋራ ማዕድ ላይ የሚቀርብ ማጣጣሚያ ምላስን ብቻ ሳይሆን ሰዎቹንም ሊያጣጥም ይገባል። ይህን ካላደረገ፣ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ስሙን አልሠራበትም።

ይህን ስል የሚነሣብኝን ሙግት አውቀዋለሁ፤ «እኛ የማጣጣሚያ ሰዎች አይደለንም» የሚል ነው። ሙግቱ ከፊል እውነት አለው። የሀገራችን ገበታ በእንጀራና በወጥ ይጀምራል፣ በእንጀራና በወጥ ይጠናቀቃል፤ እጅ ከታጠበ በኋላ የሚጠበቀው ቡና ነው። ስኳርም በየቤቱ በስፋት የገባው በቅርብ ዘመን ነው፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነበር። የጣፋጮቻችን ስሞችም የመጡበትን መንገድ አይደብቁም፤ ቶርታ፣ ከረሜላ፣ ማርመላታ፣ ጀላቲ፣ ቦምቦሊኖ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የተዋስናቸው ናቸው።

ይሁን እንጂ ሙግቱ ብዙ ነገር ይረሳል። የሐረርን ሐላዋ ይረሳል። በሶን በማር ይረሳል። በቅቤ የታሸውን ጭኮ ይረሳል። ነሐሴ 13 ቀን «ሆያ ሆዬ» ሲሉ ያመሹ ልጆች የሚቀበሉትን ሙልሙል ይረሳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የቡና ቁርስን ይረሳል። የቡና ቁርስ ምንድን ነው? ምግቡ ካለቀ በኋላ፣ ቡናው እየተቆላና እየተፈላ ሳለ፣ ማንም ሳይርበው ሁሉም እጁን የሚዘረጋለት ነገር ነው። ቆሎ ሊሆን ይችላል፤ ዳቦ ሊሆን ይችላል፤ ፈንዲሻም ሊሆን ይችላል። ቡና የማይጠጡት ሕፃናት ከረከቦቱ አካባቢ የማይርቁት ለእርሱ ሲሉ ነው። እንግዲህ ማጣጣሚያ በቤታችን ውስጥ አዲስ መቀመጫ አያስፈልገውም፤ መቀመጫው ከአቦሉ አጠገብ ከጥንት ጀምሮ ተዘርግቶለታል።

ሽርሽርንም ከሩቅ የመጣ ልማድ አድርጎ የሚቆጥር አለ። እኔ ግን አዲስ አበባ ራሷ የሽርሽር ልጅ ናት ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። በ1879 ዓ.ም. የእንጦጦ ብርድ የከበዳቸው መኳንንትና ወይዛዝርት ወደ ፍልውሃ እየወረዱ በሞቀው ውሃ ሲታጠቡ፣ ኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል ቦታውን ወደዱት፤ ቤትም እንዲሠራላቸው ጠየቁ፤ ስሙንም «አዲስ አበባ» አሉት። ለመዝናናት የወረደ ሰው መናገሻ ከተማ አቋቋመ ማለት ነው። የዛሬው ከተሜ ደግሞ መንገዱን ገልብጦታል፤ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የባሕር ዛፉን ነፋስ ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል። ራቅ ማለት የፈለገ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ጉዞ ቢሾፍቱ ደርሶ በሆራ ወይም በባቦጋያ ዳር ያርፋል። ከአዳማ አለፍ ብሎ ሶደሬ አለ። የሁለት ቀን ፈቃድ ያገኘ ላንጋኖ ድረስ ይዘልቃል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የሽርሽሩ ቀን ለእናት የሚጀምረው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ለልጆች መኪናው ሲነሣ ይጀምራል። ለአባት ነዳጅ ሲቀዳ ይጀምራል። ለእናት ግን ዋዜማውን፣ ሽንኩርቱ ሲከተፍ ጀምሯል። እንጀራው ይጠቀለላል፤ ድስቱ በጨርቅ ይታሰራል፤ ጀበናው፣ ስኒው፣ ከሰሉ፣ የውሃው ጀሪካን በየፈርጁ ይጫናል። ሌላው ወደ ሐይቁ ሲሄድ እርሷ ማዕድ ቤቷን ወደ ሐይቁ ታዛውራለች። ሐይቁንም በደንብ የምታየው ሰሃን ስታለቀልቅ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ስድስት እንቁላል የሚመታለት፣ በሦስት ንብርብር ክሬም የሚለሰን ኬክ መጨመር ፍቅር ሊመስል ይችላል፤ በእኔ አስተያየት ግን በደል ነው። ስለ ጣፋጭ አሠራር ሲወራ «ቀላል» የሚለው ቃል የሰነፍ ቃል ተደርጎ ይታያል። የፍትሕ ቃል ነው የምለው ለዚህ ነው። ቀላል ማለት ማንም በሥራ ብዛት ከጨዋታው የማይቀርበት ማለት ነው።

«ታዲያ ቶርታውን ገዝቶ መሄድ ነዋ!» የሚል ይኖራል። ለብዙዎቻችን መፍትሔው ይህ ሆኗል። በካርቶን የታሸገው ቶርታ በልጅ ጭን ላይ ተቀምጦ ወደ ስምጥ ሸለቆ ሙቀት ይወርዳል፤ ክሬሙም ገና በመንገድ ላይ መላላት ይጀምራል። ይህ ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ችግር የቀን መቁጠሪያችን ነው። ሰማዩ የሚጠራበትና መንገዱ የሚደርቅበት፣ ለሽርሽር የሚመቸው ወቅት ከሁለት ረጃጅም አጽዋማት ጋር ይገጥማል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ጾመ ነቢያት፣ ከዚያም እስከ ፋሲካ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም። ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የገቡበት ቶርታ በእነዚህ ሳምንታት ለጾመኛ የተዘጋ በር ነው።

በአንድ የታኅሣሥ እሑድ በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ከእኛ አለፍ ብሎ የተቀመጠ ትልቅ ቤተሰብ ነበር። ምሳው ሲነሣ ነጭ ካርቶን ተከፈተ። ቶርታው እየተቆረጠ በየሰሃኑ ዞረ። ከአንዲት አረጋዊት ፊት ሲደርስ፣ የሚያድለው ወጣት በአክብሮት «እማማ ይጾማሉ» አለና ሰሃኑን ወደሚቀጥለው ሰው አሻገረ። አረጋዊቷም «ብሉ፣ ብሉ ልጆቼ» ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና ከቋጠሯት ቆሎ ጥቂት ዘገኑ። ማንም ክፉ አልሠራም። የተባለውም እውነት ነበር። ግን ቀኑ የተሰናዳው ለእርሳቸው ክብር እንደነበር ከጨዋታው ይሰማ ነበር፤ ጣፋጩ በቀረበበት በዚያ ሰዓት የማዕዱ እንግዳ የሆኑት ደግሞ እርሳቸው ነበሩ። ማጣጣሚያው አላጣጣመም የምለው እንዲህ ያለውን ነው። በሌላ ስብስብ ላይ የሚቀረው የስኳር ሕመም ያለበት አጎት ሊሆን ይችላል፤ ወይም በጣፋጩ ውስጥ ያለው ጄላቲን ከምን እንደተሠራ እርግጠኛ ያልሆነ ሙስሊም ጎረቤት።

እንግዲያስ ምን ይዘጋጅ? እኔ ሦስት መመዘኛ አለኝ፤ ሁሉም የሚበላው ይሁን፣ ልጆች እጃቸውን የሚያስገቡበት ይሁን፣ መንገድ የሚችል ይሁን።

ዳቦ ቆሎ ሦስቱንም ያሟላል። 4 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ ቁንጥር ጨውና ሩብ ኩባያ ዘይት ተቀላቅሎ፣ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል። ሊጡ በመዳፍ እየተዳመጠ እንደ እርሳስ ይረዝምና በሽንብራ ልክ ይቆረጣል። ከዚያ በለዘብተኛ እሳት ላይ በደረቅ ምጣድ እያገላበጡ ማመስ ነው፤ ምድጃ ያለው በ175 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጋግረዋል። ሚጥሚጣ ወይም በርበሬ የሚወድ ከዱቄቱ ጋር ይቀላቅል። ከሦስት ቀን በፊት ሊሠራ ይችላል፤ መንገድም ሙቀትም አይጎዳውም። መቁረጡ የልጆች ሥራ ነው፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ቢሆን የሚቆጣ የለም።

ሁለተኛው ሰሊጥ በማር ነው። 1 ኩባያ ማር በለዘብተኛ እሳት ይፈላል፤ ጠብታው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲጣል ሳይሟሟ ከጠጠረ ደርሷል። 2 ኩባያ የታመሰ ሰሊጥ፣ ወይም ታምሶ የተላጠ ለውዝ ይጨመርበትና ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ይደፋል። በደንብ ሳይቀዘቅዝ መቁረጥ ያሻል፤ ከጠጠረ በኋላ ቢላዋ አይታዘዝለትም። የፈላ ማር ያቃጥላልና ይህኛው የአዋቂ ድርሻ ነው፤ ልጆች ሰሊጡን ያበጥሩ።

ኬክ ካልበላሁ ለሚል ደግሞ የሙዝ ኬክ አለ። ልጣጫቸው የጠቋቆረ 3 ሙዞች ይደቆሳሉ፤ ግማሽ ኩባያ ስኳርና ሲሶ ኩባያ ዘይት ይገባባቸዋል፤ በመጨረሻም 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና 1 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨመራል። እንቁላል የለውም፤ ወተትም የለውም። ሶዳው ከሎሚው ጋር ሲገናኝ አየር ይፈጥርና ሊጡን ያነሣዋል፤ ሙዙ ደግሞ ያያይዘዋል። በ175 ዲግሪ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ስንጥር ሲወጋ ሳይነካካ ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በስሏል። ይህንንም ለማድረግ ጊዜ የሌለው ፓፓያ፣ ማንጎና ሙዝ ተሸክሞ ይሂድ፤ በዚያው ዛፍ ጥላ ሥር ይከትከትና ሎሚ ይጭመቅበት። ሎሚው ሙዙ ቶሎ እንዳይጠቁር ይከላከላል። ጣፋጭ ለተከለከለ ሰው ደግሞ ስኳር ያልገባበት የገብስ ቆሎ ከጎኑ አይጥፋ።

አንባቢ ሆይ፣ ሥነ ጽሑፍ ለሚወደድበት ገጽ ይህ ሁሉ የዱቄት ሒሳብ ምን ይሠራለታል ትለኝ ይሆናል። መልሴ እነሆ። ተረቶቻችንና እንቆቅልሾቻችን የኖሩት እጅ ሥራ ላይ ሆኖ አፍ ነፃ በሚሆንባቸው ሰዓታት ውስጥ ነው። ጥጥ ሲፈተል፣ እህል ሲለቀም፣ በቆሎ ሲፈለፈል «ተረት ተረት» ይባላል፤ «የላም በረት» ይመለሳል። «እንቆቅልሽ» ይባላል፤ «ምን አውቅልህ» ይመለሳል። ሀገር ካልሰጡ መልስ የለም። ዛሬ በከተማ ቤት እንዲህ ያሉ ሰዓታት እያለቁ ነው፤ እህሉ ተፈጭቶ ይመጣል፤ ዳቦ ቆሎውም በፕላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ ይገዛል። የሽርሽር ዋዜማ ላይ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ሊጥ ከበው የሚቆርጡባት ሰዓት ከቀሩልን ጥቂቶች አንዷ ናት። የቶርታው ካርቶን ያቺን ሰዓት ነው የሚቀማን። አሠራሩ በወረቀት ሊጻፍ ይችላል፤ እኔም ጽፌዋለሁ። አያት ሊጥ እየቆረጡ የሚያወሩትን ግን እርሳቸው ካላወሩት ማንም አይጽፈውም።

ኬክ ቤቶችን መንቀፌ አይደለም። ለልደትና ለሠርግ ያጌጠ ቶርታ የራሱ ደስታ አለው፤ ብዙ ሰውም እንጀራውን ያገኝበታል። የምቃወመው ቶርታው የመከባበር መለኪያ መሆኑን ነው። «በዳቦ ቆሎ ብንቀበላቸው ምን ይሉናል?» የሚለውን ስጋት ነው። አባቶቻችን ለዚህ ስጋት «ከፍትፍቱ ፊቱ» ብለው መልስ ሰጥተውበታል። ሌሊቱን ስትጋግር ያደረች ባለቤት፣ ወይም የወር በጀቱን ለአንድ ካርቶን የከፈለ አባወራ፣ ፍትፍቱን ያቀርብ ይሆናል፤ ፊቱን ግን ከየት ያመጣዋል? ተጋባዡም ቢሆን የደከመ ፊት እያየ የበላው ጣፋጭ አይረካበትም።

ስለዚህ በሚመጣው ሽርሽር ምን ይገዛ ከማለታችን በፊት ማን ማን እንደሚመጣ እንቁጠር። የሚጾም አለ? ስኳር የተከለከለ አለ? ጥርስ የሌላቸው አዛውንት፣ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን አለ? ለአንዱ ዳቦ ቆሎው ቢጠነክርበት ሙዙ ይለሰልስለታል። ዋዜማውን ሊጡን ለልጆች እንስጥ፤ አያትም አጠገባቸው ይቀመጡ። በማግስቱ ሐይቁ ዳር ምሳው ሲነሣ ሰሃን ማጠቡን ሌላ ሰው ይረከብ፤ እናትም ሄዳ ውሃው ዳር ትቀመጥ። ከዚያ በኋላ ትሪው ይዙር፤ ማንንም ሳይዘል።

ቸር ይግጠመን።