የገቡትን ብቻ ሳይሆን የጨረሱትንም እንቍጠር

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

በየዓመቱ አዲሱ የትምህርት ዘመን ሲከፈት ኮሌጆች ይህን ያህል ሺህ አዲስ ተማሪ ተቀበልን ብለው ሲያስታውቁ እንሰማለን። ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው። ነገር ግን ከሦስትና ከአራት ዓመት በፊት በዚሁ በር ከገቡት መካከል ስንቱ ጨርሶ ወጣ፤ ስንቱስ መንገድ ላይ ቀረ የሚለው ቍጥር አብሮ ሲነገር የምንሰማው ከስንት አንዴ ነው። እኛ መምህራንም ብንሆን አስተምረን የሸኘነው ልጅ ኮሌጅ መግባቱን እንጂ ከዚያ በኋላ የደረሰበትን የሚነግረን የለም። ስለዚህ ቍጥሩን በግልጽ ቈጥሮ፣ ጕዳቱን አይቶ፣ መድኃኒቱንም ፈትኖ ያገኘ የአንድ ከተማ ምሳሌ ለአንባቢዎች ለማቅረብ ፈቃድዎን እለምናለሁ።

በአሜሪካ «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ አለ። በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደረው የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት በጆልየት ከተማ የተከፈተው ነው፤ ዛሬ በመላው አገሪቱ ቍጥራቸው አንድ ሺህ ገደማ ደርሷል። ክፍያቸው ከታላላቆቹ ዩኒቨርስቲዎች ያነሰ ነው፤ በራቸውም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ለጨረሰ ሁሉ ክፍት ነው። ስለዚህ የድኻው ልጅ፣ ልጆቿን እያሳደገች የምትማረው እናት፣ ቀን ሠርቶ ማታ የሚማረው ሠራተኛ፣ ከሌላ አገር የመጣውም ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው። በሜሪላንድ በሚገኘው በሞንትጎመሪ ኮሌጅ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚማሩ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ በሩ ሰፊ መሆኑ መውጫውን ሰፊ አላደረገውም። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሕግ መሠረት ኮሌጆች ከገቡት ተማሪዎች ስንቱ እንደጨረሱ ለሕዝብ ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። ሁለት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በሦስት ዓመት ውስጥ የሚጨርሰው፣ በሕዝብ ኮሌጆች ከሦስቱ ተማሪ አንዱ ያህል ብቻ ሆኖ ይገኛል። እርግጥ ነው፤ ከቀሩት መካከል ዲፕሎማውን ሳይዙ ወደ ዩኒቨርስቲ የሚዛወሩ ስላሉ ሁሉም ወድቀው ቀሩ ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ስሌቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገቡትንና በሙሉ ጊዜ የሚማሩትን ብቻ ስለሚይዝ፣ ከሥራ በኋላ አንድና ሁለት ትምህርት የሚወስደው ሰው በዚህ ቍጥር ውስጥ የለም።

ሰው ይህን ሲሰማ ቶሎ የሚመጣለት ፍርድ «ተማሪው ሰነፍ ነው» የሚል ነው። እኔ ግን ነገሩ በአብዛኛው እንዲህ አይመስለኝም። ትምህርቱን ከሚያቋርጠው ተማሪ ብዙው አንድ ቀን ተነሥቶ «ተውኩ» ብሎ የሚወስን አይደለም። የመጽሐፍ መግዣ ያጣል፤ የመጓጓዣ ገንዘብ ያልቅበታል፤ አሠሪው የሥራ ሰዓቱን ይለውጥበታል፤ ሒሳብ ወይም እንግሊዝኛ ስለጎደለው ለዲፕሎማው የማይቈጠር የማጠናከሪያ ትምህርት ይታዘዝለትና ወራቱ ያልፉበታል፤ የትኛውን ትምህርት መቼ እንደሚወስድ የሚመክረው ሰው አያገኝም። እያንዳንዱ እንቅፋት ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ብርቱውንም ይጥላሉ።

የኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርስቲ እ.ኤ.አ. በ2007 «አሳፕ» በሚል አጭር ስም የሚጠራውን ዕቅድ በኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ ሲጀምር የተነሣው ከዚህ ሐሳብ ነበር። እንቅፋቶቹ ብዙ ከሆኑ እርዳታውም በብዙ በኩል መሆን አለበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለምን? በዕቅዱ የሚገባው ተማሪ በሙሉ ጊዜ ለመማርና የማጠናከሪያ ትምህርቱንም ሳያዘገይ ለመውሰድ ግዴታ ይገባል። በበኩሉ ዩኒቨርስቲው ከመንግሥት ድጎማ በላይ የሚተርፈውን የትምህርት ክፍያ ይሸፍንለታል፤ መጽሐፍ ያቀርብለታል፤ ለባቡርና ለአውቶቡስ የሚሆነውን ቲኬት ይሰጠዋል። ቲኬቱ የሚታደለው ግዴታውን ለፈጸመና አማካሪውን እየመጣ ላነጋገረ ተማሪ ነው። ስለዚህ የመንገድ ገንዘቡን የሚያድነው ነገር መካሪው ዘንድም ያደርሰዋል ማለት ነው።

ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የአማካሪው ነገር ነው። ቀጥሎ በማወሳው ጥናት ጊዜ አንድ የአሳፕ አማካሪ የሚይዘው ከ60 እስከ 80 ተማሪ ሲሆን፣ በነዚያው ኮሌጆች ለቀሩት ተማሪዎች የተመደበው አማካሪ ከ600 እስከ 1,500 ተማሪ ይደርሰው ነበር። ሰባ ተማሪ የያዘ ሰው የቀረውን ልጅ በስሙ ያውቀዋል፤ ሺህ የያዘ ሰው ግን የሚያውቀው የመዝገብ ቍጥሩን ብቻ ነው።

ውጤቱ በወሬ የቀረ አይደለም። ኤም.ዲ.አር.ሲ. የተባለው የጥናት ድርጅት በማንሃታን፣ በኪንግስቦሮና በላጓርዲያ ኮሌጆች 896 ተማሪዎችን እ.ኤ.አ. በ2010 በዕጣ ለሁለት ከፈለ፤ ግማሹ በአሳፕ ገባ፣ ግማሹ እንደ ወትሮው ተማረ። ሁሉም ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና የማጠናከሪያ ትምህርት የሚያስፈልጋቸው ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በአሳፕ ከገቡት 40 በመቶው ሲጨርሱ ከቀሩት የጨረሱት 22 በመቶ ነበሩ። የለያቸው ዕጣ እንጂ ጉብዝና ስላልነበረ፣ «ጎበዞቹን መርጠው ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይቆማል። በኦሃዮ ግዛት በሦስት ኮሌጆች ተመሳሳይ ዕቅድ ሲሞከርም ከሦስት ዓመት በኋላ የተገኘው 35 በመቶ በ19 በመቶ ላይ ነው።

የበጀት ሰው ግን ወጪውን ይጠይቃል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። የኒው ዮርኩ ዕቅድ ለአንድ ተማሪ የሚወጣውን ገንዘብ ከ60 በመቶ በላይ ከፍ አድርጎታል። ሒሳቡን በእኛ ብር እናስበው። አንድ ኮሌጅ ለአንድ መቶ ተማሪዎች በነፍስ ወከፍ 100 ብር ቢያወጣና 22ቱ ቢጨርሱ፣ 10,000 ብር ለ22 ሲካፈል አንዱ ምሩቅ 454 ብር ግድም ፈጀ ማለት ነው። ወጪው ወደ 160 ብር ከፍ ብሎ 40ው ቢጨርሱ ግን፣ 16,000 ብር ለ40 ሲካፈል አንዱ ምሩቅ 400 ብር ሆነ። ጥናቱም ያገኘው ይህንኑ ነው፤ የአንድ ተማሪ ወጪ ጨመረ፣ የአንድ ምሩቅ ወጪ ግን ቀነሰ። ርካሽ የሚመስለው ትምህርት ተማሪው በመካከሉ ሲቀር ከሁሉ የተወደደ ይሆናል።

ዕቅዱ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከስድስት ዓመት በኋላ ሲታይ በአሳፕ ከገቡት 51 በመቶ፣ ከቀሩት ደግሞ 41 በመቶ ጨርሰዋል፤ ልዩነቱ ከ18 ወደ 10 ጠቧል። ከጥቅሙ አንዱ ክፍል ሰውን ቶሎ ማስጨረሱ ነበር ማለት ነው። እንዲሁም በሙሉ ጊዜ መማርን ግዴታ ስለሚያደርግ ቀን ለሚሠራው ሰው አይሆንም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሁኔታው በብዙ የተለየ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርስቲ የሚማረው ልጅ ምግብና መኝታ በወጪ መጋራት ያገኛል። የማጠናከሪያው ጕዳይ ግን የጋራ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው በመገኘታቸው፣ «ሬሜዲያል» የተባለው የማጠናከሪያ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. በዩኒቨርስቲዎች ተጀመረ። በዚያ በር የገባው ልጅ ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ የት ደረሰ የሚለውን መከታተል ይገባል።

ይልቁንም የኒው ዮርኩን ተማሪ የሚመስለው የማታ ተማሪያችን ነው። ከዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መካከል ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ደክሞት ክፍል የሚገባ ጥቂት አይደለም። ሦስት ምሽት ሲቀር ማንም አይደውልለትም፤ በአራተኛው መመለስ ያፍራል፤ በዚያው ይቀራል። የከፈለው ገንዘብና የደከመበት ጊዜ ግን አይመለስለትም።

ስለዚህ በበኩሌ አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ኮሌጅ በአንድ ዓመት የገቡትን ተማሪዎች እንደ አንድ ጓድ ይዞ፣ በሁለተኛው ዓመት ስንቱ እንደተመለሱና በጊዜው ስንቱ እንደጨረሱ በየዓመቱ ለሕዝብ ያስታውቅ። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በስሙ የሚያውቀው አንድ አማካሪ ይመደብለት፤ ተማሪው ሲቀር በዚያው ሳምንት ይጠየቅ፤ ለዚህ የስልክ ወጪ እንጂ ሕንፃ አያስፈልግም። ሦስተኛ፣ የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች የሚማረውን ሠራተኛ የፈተና ዕለት እንዲያሰናብቱት እለምናለሁ። አራተኛ፣ አዲስ ዘዴ ሲታሰብ በአገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ከመታወጁ በፊት በአንድ ኮሌጅ በዕጣ ተሞክሮ ውጤቱ ይታይ።

«ብዙ ተማሪ ይጨርስ ማለት ነጥብ በነጻ ይታደል ማለት ነው» ብለው የሚሠጉ ይኖራሉ። የኒው ዮርኮቹ ተማሪዎች ግን የወሰዱት ሌሎቹ የሚወስዱትን ያንኑ ትምህርት ነው። በእኛም ዘንድ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ ለዲግሪ ተማሪው መውጫው ጠባቂ አለው። ተማሪው እዚያ በር ድረስ እንዲደርስ መርዳት ደረጃውን ዝቅ ማድረግ አይደለም። ተማሪ ተቀብሎ የመዘገበ ኮሌጅ፣ ያ ሰው የት እንደደረሰ ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ