ስልክ አለን፣ ድምፅ ግን የለንም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ጠይቃችሁኛል። «መምህር፣ አገር ቤት ለ7ኛው ምርጫ የመራጮች ምዝገባ ዲጂታል ሆነ ይባላል። ታዲያ እኛስ ከጅቡቲ ሆነን በስልካችን ለምን አንመርጥም?»

እኛን የያዘን ሕጉ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ (ቁጥር 1162) መራጭ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት ይላል። ባልባላ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ስደተኛ ምዝገባው በወረቀት ሆነ በመተግበሪያ ያው ከውጭ ነው።

ስደተኛ መምረጥ አይችልም የሚለኝ ካለ ታሪክ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1993 በኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ሱዳን የተሰደዱት ድምፅ ሰጥተዋል። በጥር 2011 ደግሞ ደቡብ ሱዳናውያን እዚያው እኛ አገር ጭምር መርጠዋል፤ የውጭውን ምርጫ ያደራጀው አይኦኤም ነበር። ወረቀትና ሳጥን በቅቷቸዋል።

እኔ በስልክ እንምረጥ አልልም። ኑሯችንን እናውቀዋለን። አምስት ሆነን በአንድ ክፍል እናድራለን፤ የአንዳንዱ ሲም ካርድ በአሠሪው ስም የወጣ ነው። ማንን እንደመረጥክ የስልኩ ባለቤት ካየ ምኑ ምስጢር ሆነ? ኢስቶኒያ ከ2005 ጀምሮ በኢንተርኔት ታስመርጣለች። ተገድዶ የመረጠ ሰው ግን በኋላ ድጋሚ መምረጥ ይችላል፤ የሚቆጠረው የመጨረሻው ነው። ደግሞም ዜጋው ሁሉ የመንግሥት ዲጂታል መታወቂያ አለው። ከመካከላችን ፓስፖርት እንኳ ያለው ስንቱ ነው? ሸሽቶ የመጣ ሰው ስሙና ስልክ ቁጥሩ ያለበት ዝርዝር ማን እጅ እንደሚገባ ቢያስጨንቀው አይፈረድበትም።

ጎረቤታችን ኬንያ ጥሩ ትምህርት ናት። በ2017 ውጤቱ በኤሌክትሮኒክስ ተላለፈ፤ ኮሚሽኑ ሰርቨሩን ሙሉ በሙሉ አልከፍትም በማለቱ ጭምር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሰረዘ። በ2022 ከ46 ሺህ በላይ ጣቢያዎች የውጤት ወረቀት ለሕዝብ በኢንተርኔት ተለቀቀ፤ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ደመረው። ክርክሩ ባይቀርም ወረቀቱን ሁሉም አየው። ቴክኖሎጂ ለምርጫ የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው፦ ተራው ሰው ገብቶ ማረጋገጥ ሲችል።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ይሁን፦ ሕጉ ይሻሻል፤ በውጭ ያለው ዜጋ፣ ኤምባሲ ደጅ መድረስ የማይችለው ስደተኛም ጭምር፣ ገለልተኛ አካል በሚያደራጀው ጣቢያ ይምረጥ። ፓርቲዎችንም ምርጫ ቦርድንም በዚህ እንጠይቅ።

አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦቻችን ደግሞ ቆጠራው አልቆ ውጤቱ በጣቢያው ደጃፍ ሲለጠፍ ሄዳችሁ አንብቡ፤ ከቻላችሁ ፎቶ አንሱት። የእኛን ድርሻ ለጊዜው የምትሠሩልን እናንተ ናችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ «ከውጭ ለመምረጥ እዚህ ተመዝገቡ» የሚል ሊንክ ቢመጣላችሁ የስደተኛ ካርድ ቁጥራችሁን እንዳትሞሉ። አሁን ባለው ሕግ እንዲህ ያለ ምዝገባ የለም። ይህን ለማያነብ ጎረቤታችሁም ንገሩ።