«አቅም በፈቀደ መጠን» - የማን አቅም?

ሰሞኑን በአንድ አዳራሽ ለአካል ጉዳተኞች ተሽከርካሪ ወንበር ሲታደል ተገኝቼ ነበር። ባለሥልጣኑ ንግግር አደረጉ፤ ለጋሾቹ ንግግር አደረጉ፤ ተጨበጨበ። ተረካቢዎቹ ግን ላስቲኩ ገና ባልተላጠ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፎቶግራፍ ከመነሣት በቀር አንድ ቃል እንዲናገሩ የጠየቃቸው አልነበረም። ከየወንበሩ ኋላ አንዲት ሴት ቆማለች፤ እናት፣ እኅት ወይም አክስት። ፎቶግራፍ አንሺው «እናት፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ» እያለ አንድ በአንድ ከምስሉ አስወጣቸው። ዛሬ የምጽፈው ከምስሉ ስለወጡት ሴቶች ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በቋንቋችን «አስታማሚ» የሚባል ቃል አለ። አስታማሚ ታማሚው ሲያገግም ወይም ሲያርፍ ሥራው የሚያበቃለት ሰው ነው። የሆስፒታል ዘበኛ እንኳ ያውቀዋል፤ በምሳ ሰዓት ፔርሙስና ሳህን አንጠልጥሎ የሚገባው እርሱ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን ልጇን ዐሥራ ስድስት ዓመት ያጎረሰች፣ ያጠበች፣ በሌሊት እየተነሣች ያገላበጠች እናትስ ምን ትባላለች? ልጇ እኮ በሽተኛ አይደለም። የሚድንበት ቀን የለም፤ ይኖራል እንጂ። ለሥራዋ ስም አላወጣንለትም፤ ስም የሌለው ሥራ ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

እንዲህ ያለች ጎረቤት አለችኝ። የምትኖረው አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በኪራይ ነው። ምድር ቤቱ ለሱቅ ስለሚፈለግ ኪራዩ አይቀመስም። ልጁ ሕፃን ሳለ አዝላው ትወርድ ነበር፤ አሁን ከእርሷ ይከብዳል። ስለዚህ አይወርድም። ለድጋፍ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ያገኘችው መልስ «እርስዎ ጤነኛ አይደሉም እንዴ? ሠርተው ማደር ይችላሉ» የሚል ነበር። እውነት ነው፣ ጤነኛ ናት። ሁለቱም እጆቿ ግን ከንጋት እስከ ሌሊት ተይዘዋል። በከተሞች እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ሰውን የሚለየው በዋናነት መሥራት በሚችልና በማይችል ነው፤ መሥራት እየቻለ መውጣት የማይችለው ሰው በዚህ ወንፊት ላይ የት እንደሚቀር ጎረቤቴን መጠየቅ ይበቃል።

የሕግ ድሆች ግን አይደለንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንዲረዳ ያዛል። በ2000 ዓ.ም. የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ወጣ፤ በ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደነገገ። (በዚያው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ ደግሞ ከዐሥር በመቶ በላይ ገቢያቸው ከውጭ የሚመጣ ማኅበራት ስለ አካል ጉዳተኞች መብት እንዳይሠሩ አገደ። አንዱ አዋጅ መግቢያ ሲሠራ ሌላው አፍ ዘጋ፤ እስኪሻርም ዐሥር ዓመት ፈጀ።) በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጸደቀ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ግለጡ፦ ለወላድ 120 ቀን፣ ለአባት ሦስት ቀን፣ ለጋብቻ ሦስት ቀን፣ ለቅርብ ዘመድ ሞትም ሦስት ቀን ከደመወዝ ጋር ተፈቅዷል። ልጃችሁን ብትቀብሩ ሕጉ ያውቃችኋል፤ ልጃችሁን ለማኖር ብትቀሩ ግን ከዓመት ፈቃዳችሁ ይነሣል።

«ሀገሪቱ ድሃ ናት» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ። ኬንያም ሀብታም አይደለችም፤ ነገር ግን ቋሚ እንክብካቤ ለሚሹ ከባድ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ቤተሰቦች በወር 2,000 ሽልንግ ቆርጣለች። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ ይዘገያልም፤ ቁም ነገሩ ግን ተንከባካቢዋ መዝገብ ላይ መግባቷ ነው። አዲስ አበባም ብትሆን አቅም አላጣችም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተነጠፈውን ሰፊ የእግረኛ መንገድ አይቻለሁ፤ መልካም ሥራ ነው፣ አልክድም። ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ለማይችል ልጅ ግን የእግረኛ መንገዱ ስፋት ምኑ ነው? «አቅም በፈቀደ» የሚለው ሐረግ ለአስፋልት ሲሆን ይለጠጣል፤ ለሰው ሲሆን ይሸበሸባል።

ሁለተኛው መልስ «እኛ እኮ እንደ ፈረንጅ ወላጆቻችንንና ልጆቻችንን ተቋም ውስጥ የምንጥል አይደለንም» የሚለው ነው። ይህ ይበልጥ ያናድደኛል። ምክንያቱም «እኛ» ስንል አንዲት ሴት ማለታችን ነው። ወንድሞቿ በበዓል ይመጣሉ፣ «እግዜር ብድርሽን ይክፈልሽ» ብለው ይሄዳሉ። ዕድሩም ቢሆን ድንኳን የሚተክለው ሲሞቱ ነው። ደግሞስ ተቋሙ የት አለና ነው አንጥልም የምንለው? ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኦቲዝም ላለባቸው ሕፃናት የጆይ ማዕከልን የመሠረቱት ራሳቸው የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ስለነበሩ ነው። እስካረፉበት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ደጅ ሲጠኑ ኖሩ። አመሰገንናቸው፣ ሸለምናቸውም፤ እናት ማዕከል እስክትከፍት የሚጠብቅ ሥርዓት ግን ሊያፍር ይገባው ነበር።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ አካል ጉዳተኞቻችን ከሕዝቡ አንድ በመቶ ገደማ ሆነው ተመዘገቡ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ዘገባ የዓለምን አማካይ 15 በመቶ ገደማ አድርገው ገምተዋል። ወይ ከሰው ዘር የተለየ ጤና ታድለናል፣ ወይ ቆጣሪው በር ሲያንኳኳ ልጁ ጓዳ ነበር። እናቱ ደብቃው ከሆነ በእርሷ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ «የምን እርግማን ነው?» ብሎ የጠየቃት ጎረቤት ነው ያስደበቃት።

ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት ለቡና ጠርታኝ ስለ ኑሮዋ ስንጨዋወት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «እኔ ብሞት ማን ያጎርሰዋል?» አልመለስኩላትም። ስለዚህ ጥያቄውን ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሹማምንት አስተላልፌዋለሁ፤ የራሴንም አንድ እጨምራለሁ። በዘንድሮው በጀት ቤት ውስጥ ለሚንከባከቡ ሰዎች የተመደበው ገንዘብ በየትኛው ርእስ ሥር ነው ያለው? የገጹን ቁጥር የሚነግረኝ ካለ እዚሁ አርሜ አወጣዋለሁ።