ቦቢና አራቱ ወር

እህቴ ጀርመን ካለው ባሏ ጋር ለመቀላቀል የኤምባሲ ቀጠሮ ስትጠብቅ ዓመት ከምናምን ፈጅቶባታል። ቪዛው የተመታ ዕለት ቤታችን ሰርግ መሰለ። እናቴ ቡና አፈላች፣ ጎረቤት ተጠራ፣ እልል ተባለ። ማታ ሰው ሁሉ ሲበተን እህቴን በረንዳ ላይ ቦቢን ታቅፋ አገኘኋት። «እሱን እንዴት አድርጌ ነው የምወስደው?» አለችኝ። በረራዋ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

ቦቢን ላስተዋውቃችሁ። ውሻ ነው። ጸጉሩ የሚበጠር፣ በቦርሳ የሚዞር ዓይነት እንዳይመስላችሁ፤ እህቴ ተማሪ እያለች በክረምት ከቱቦ ውስጥ አውጥታ በዩኒፎርም ሹራቧ ጠቅልላ ያመጣችው ንጹሕ የሰፈር ውሻ ነው።

እኔም አዋቂ ነኝና «ምን ችግር አለው? በየዓመቱ ይከተባል፣ ካርድ አለው፣ የሚቀረን ሳጥን ማሠራት ብቻ ነው» አልኳት። ወገኖቼ፣ እንዲህ በድፍረት ተናግሬ እንዲህ በፍጥነት ያፈርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር የሚሄድ ውሻ መጀመሪያ ቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ይደረግለታል። የሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ናት፤ ዐሥራ አምስት አኃዝ ያለው ቁጥር አላት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚቆጠረው ከዚህች ቺፕ ጋር በአንድ ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ከተሰጠ ነው። ከቺፑ በፊት የተሰጠው፣ ዐሥር ጊዜም ቢሆን፣ እንዳልተሰጠ ነው። የቦቢ ካርድ ከዳር እስከ ዳር ማኅተም ነበር፤ ለማስታወሻነት አስቀምጠነዋል። አዲሱን ክትባት ከወሰደ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ተጠብቆ ደሙ ይቀዳና ኅብረቱ ወዳጸደቀው ላቦራቶሪ ይላካል። ክትባቱ መያዙን የሚያሳየው ልኬት በአንድ ሚሊ ሊትር ከ0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት ማነስ የለበትም። አለፈ እንበል። አሁንም አይሄድም! ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ይጠብቃል። ደምሩት፤ ከአራት ወር በታች አይወጣም። በመጨረሻም ለጉዞው ዐሥር ቀን ሲቀረው የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም የጤና ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። እኛ የነበረን ስድስት ሳምንት።

አሜሪካ ይሻላል የሚል ካለ አይሻልም። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ኢትዮጵያ ለእብድ ውሻ በሽታ «ከፍተኛ ስጋት» ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። እዚህ የተከተበ ውሻ ስድስት ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለው፣ ወረቀቱ በመንግሥት ሐኪም የጸደቀ መሆን አለበት፤ የሚያርፈውም በተወሰኑ አየር ማረፊያዎች ብቻ ነው። ሐበሻ የሚጎርፍበት የዋሽንግተኑ ደለስ አንዱ በመሆኑ እግዜር ይመስገን። ወደ እንግሊዝ ደግሞ ውሻ ከእናንተ ጋር ወንበር ሥር ገብቶ አይበርም፤ በካርጎ ነው የሚገባው። (ድመት ያላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ አሜሪካኖቹ በፌዴራል ደረጃ ከድመት የእብድ ውሻ ክትባት ማስረጃ አይጠይቁም። ቦቢ ይህን ሰምቶ ድመት ማሳደዱን ቢያብስ አልፈርድበትም።)

ጉዳዩ ሰፈር ውስጥ ሲሰማ ሁለት ወገን ተፈጠረ። አንደኛው «ለውሻ?» የሚለው ነው፤ መሪዋ እናቴ። «ሰው ባሕር እየበላው፣ እናንተ የውሻ ደም ፈረንጅ አገር ትልካላችሁ?» ትላለች። ሁለተኛው ወገን ጓደኞቼ ናቸው። «አየህ? ውሻችንን እንኳን ናቁት!»

ለሁለተኛው ልመልስ። እኔም መጀመሪያ ደሜ ፈልቶ ነበር። ነገር ግን «ፓስተር» ስንባል ምን ትዝ ይለናል? ውሻ የነከሰው ልጅ እየተጎተተ የሚወሰድበት ቦታ አይደለም? በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ማንንም አይምርም ማለት ይቻላል። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ አገራችንም ክፉኛ ከሚጠቁት መካከል ናት። ሦስት ወር የሚያስጠብቁት ለንቀት አይደለም፤ በሽታው አካል ውስጥ ለወራት ተደብቆ መቆየት ስለሚችል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአካባቢው ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆማል። እኛ ግን የጎዳና ውሻ ሲበዛ መርዝ የመበተን ልማድ ነው ያለን። ታዲያ መናደድ ካለብን ፍራንክፈርት ላይ ነው ወይስ እዚሁ?

ለእናቴ የምመልሰው ይከብዳል፤ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። ገንዘቡ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ውጭ የሚሄድ ሰው ሶፋውን ይሸጣል፣ ፍሪጁን ለአክስቱ ይሰጣል፣ ውሻውን ግን በር ላይ ትቶት ይሄዳል። እኛ ሰፈር ብቻ ቤቱ የተከራየበትን በር ሲጠብቅ የከረመ ውሻ አይቻለሁ። አዲሶቹ ተከራዮች ድንጋይ ይወረውሩበት ነበር። ቪዛ ለመጠበቅ ዓመት የምንታገሥ ሰዎች ቺፑን ቀጠሮ ያስያዝን ዕለት ብናስደርግ ምን ይጎዳናል? እህቴ ያን ጊዜ ጀምራ ቢሆን ኖሮ አብረው በበረሩ ነበር። መውሰድ የማይችል ደግሞ ገና በጠዋት የሚያሳድግለት ሰው ይፈልግ።

እህቴ ብቻዋን ሄደች። ቦቢን እንደ ዕቃ ለብቻው መላክም ቀላል አይደለም፤ ባለቤቱ ከእሱ በአምስት ቀን ውስጥ ካልተጓዘ ጉዞው እንደ ንግድ ይቆጠርና ሌላ ደንብ ይመጣል። ስለዚህ ልትወስደው ራሷ ትመጣለች፤ ለቲኬቱ ገንዘብ እያጠራቀመች ነው። በስልክ ድምጿን የሰማ ዕለት ተነሥቶ ወደ በሩ ይሄዳል። ስልኩን ድምጽ ማጉያ ላይ ማድረግ ትቻለሁ።

ሳጥኑን ያሠራሁት መርካቶ ነው። ደንቡ ውሻው ጣሪያውን ሳይነካ እንዲቆም፣ እንዲዞርና እንዲተኛ ነው፤ አየር ማስገቢያና ውኃ መጠጫም አለው። አናጢው ልኬቱን ሰምቶ «ለውሻ ነው? እኔ የምተኛበትኮ ከዚህ አይሰፋም» አለኝ። እንዲለምደው ብዬ በሩን ከፍቼ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ማስተኛ መድኃኒት በአየር ላይ አደገኛ ስለሆነ ከመልመድ ሌላ ዘዴ የለም። የመጀመሪያውን ሳምንት አልቀረበውም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ስወጣ ውስጡ ተኝቷል፤ ከሥሩ የእናቴ አሮጌ ጋቢ ተነጥፎለታል። ማን እንዳነጠፈው ጠየቅኳት፤ ሽንኩርቷን እየከተፈች ዝም አለችኝ።